በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ያለው ወንበር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ስለ ሐኪም ቤት መናገር ያለ ቦታው የገባ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል አንድ ጊዜ እንኳ ከሥራው ላይ በስልክ ተጠርቶ የአክስቱን ወይም የጎረቤቱን ሕመም ለሐኪም እንዲያስረዳ ያልተለመነ ሰው ይገኛል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። የተማረ ሰው ቋንቋ ያውቃል፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሕክምናንም ያስተረጉማል፤ በስደት አገር በሚኖረው ወገን ዘንድ ልማዱ ይኸው ነው። ልማዱ ከደግነት የመነጨ መሆኑ አይካድም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ያ ደግነት በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ባለው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል፣ ወንበሩም በእርግጥ የማን ሊሆን እንደሚገባ መመርመር ነው።

በ1980 በጥር ወር በደቡብ ፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ቤተሰቡ ከኩባ የመጣ ነበር። አብረውት የነበሩት ሰዎች ለሐኪሙ «ኢንቶክሲካዶ» ነው ሲሉ ነገሩት። በኩባውያን አነጋገር ቃሉ የበላው ወይም የጠጣው ነገር ያልተስማማውን ሰው ያመለክታል። ሐኪሙ የሰማው ግን በድምፅ የሚመስለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ይኸውም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ የሰከረ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ወጣቱ አደንዛዥ ዕፅ አብዝቶ እንደወሰደ ሰው ሆኖ ታከመ። እውነተኛው ሕመሙ፣ ማለትም በራስ ቅሉ ውስጥ የሚፈሰው ደም፣ የታወቀው ከሁለት ቀን በላይ ካለፈ በኋላ ነበር። እጆቹና እግሮቹ ሽባ ሆነው ቀሩ። ጉዳዩ በመጨረሻ በስምምነት ሲያልቅ በዕድሜው ዘመን ሁሉ ይከፈለዋል ተብሎ የተሰላው ካሣ 71 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አስተርጓሚ ይምጣልን ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ሐኪሙም ቤተሰቡም የተግባቡ መስሏቸው ነበርና። በምህንድስና ሙያ እንደሚታወቀው ከብልሽት ሁሉ የከፋው ድምፅ የማያሰማው ብልሽት ነው። ፓምፑ ቢቆም ኃላፊው ሮጦ ይመጣል፤ መለኪያው እየሠራ የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳይ እንደሆነ ግን ፋብሪካው በሙሉ በዚያ ቁጥር ይመራል። በግማሽ የሚታወቅ ቋንቋም እንዲሁ ነው። ጨርሶ የማይግባቡ ሰዎች አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፤ በግማሽ የሚግባቡት ግን አይፈልጉም።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ የቆጠሩ ሰዎች አሉ። በ2003 በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በስፓንኛ አስተርጓሚ የተካሄዱ 13 የሕክምና ጉብኝቶችን በድምፅ ቀድቶ መርምሮ ነበር። የተገኘው ስሕተት 396 ነው፤ ይህም ለአንድ ጉብኝት በአማካይ 31 ይደርሳል። ከነዚህም ውስጥ ከመቶ 63ቱ በሕክምናው ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። የሆስፒታል አስተርጓሚዎች ከሠሩት ስሕተት ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ከመቶ 53 ሲሆን፣ በአጋጣሚ የተገኙ ሰዎች ከሠሩት ግን ከመቶ 77 ነበር። በ2012 የታተመውና በድንገተኛ ክፍሎች የተደረገው ተከታይ ጥናት ደግሞ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ ነው። በዚያ ጥናት አደገኛ የሆነው ስሕተት በባለሙያ አስተርጓሚ ከመቶ 12፣ በአጋጣሚ በተገኘ ሰው ከመቶ 22፣ ያለ አንዳች አስተርጓሚ ደግሞ ከመቶ 20 ሆኖ ተመዘገበ። እንግዲህ በአጋጣሚ የተገኘው በጎ ፈቃደኛ ከባዶው ወንበር እምብዛም የተሻለ ሆኖ አልተገኘም ማለት ነው። በአንጻሩ 100 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሥልጠና የወሰዱት አስተርጓሚዎች አደገኛ ስሕተት ከመቶ 2 ብቻ ነበር። ለውጡን ያመጣው የቋንቋ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ሥልጠናው ነው። ይህ ቁጥር ቋንቋ ስለሚያውቅ ብቻ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ምሁር ሊያሳስበው ይገባል።

ጥናቶቹ የስፓንኛ ናቸው፤ አማርኛ ደግሞ የራሱ የሆኑ ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሐኪሙ መርፌውን ጧት በሰባት ሰዓት እንድትወጋ ብሎ ሲያዝዝ፣ አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ «በሰባት ሰዓት» ቢል፣ በአገር ቤት ሰዓት ያደገችው ሴት መርፌዋን የምትወጋው ከቀትር በኋላ በአንድ ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ይዛባል። የዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ የተሰጠው ሽማግሌ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከቀትር በኋላ ደርሶ የክሊኒኩን በር ይቆረቁራል፤ በመዝገቡም ላይ «ቀጠሮ አያከብርም» ተብሎ ይጻፍበታል። የሠለጠነ አስተርጓሚ «ጧት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ በአገራችን አቆጣጠር በአንድ ሰዓት» ብሎ ሁለቱንም ያስረዳል። ሕመምተኛዋ በእጇ የምትይዘው ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላም ይጠይቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ «አዎ» የምትለው ቃል ናት። በአማርኛ በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ «አዎ» ማለት ብዙ ጊዜ አሉታውን ማጽናት ነው። «የማይስማማዎት መድኃኒት የለም አይደለም?» ተብለው የተጠየቁ እናት «አዎ» ቢሉ የለም ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ አለ ማለታቸውም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛው መዝገብ ላይ ግን አንድ ቃል ብቻ ይጻፋል። ስለዚህ ጥያቄው በአሉታ እንዳይቀርብ ሐኪሙን ማሳሰብ የአስተርጓሚው ሥራ ነው፤ የወንድም ልጅ ግን ሐኪምን አቋርጦ «ጥያቄዎን ይለውጡ» ለማለት አይደፍርም።

«እሺ» ደግሞ ከ«አዎ» ይብሳል። ለትልቅ ሰው «አልገባኝም» ማለት ነውር ሆኖ በሚቆጠርበት ባህል ያደገ ሰው ሐኪሙ ለሚነግረው ሁሉ «እሺ» ይላል። «እሺ» አክብሮት ነው፤ መልእክቱ ለመድረሱ ማረጋገጫ አይደለም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የበረራ ትእዛዝ የተቀበለ አብራሪ ትእዛዙን መልሶ እንዲናገር የሚያስገድዱት ለዚሁ ነው፤ ተቀብያለሁ ማለቱ አይበቃቸውም። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው የተነገረውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ይጠየቃል። ጥያቄው ግን እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ከቀረበ ሽማግሌውን ያስቀይማል። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ ይህን መድኃኒት እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ማንም አይቀየምም።

ሦስተኛው የአካል ክፍሎች አጠራር ነው። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። «ደረቴን ብርድ መታኝ» የሚለው ደግሞ የጉንፋን ነገር አይደለም፤ በእርግጥ የሚሰማው የደረት ውጋት ነው። ቃል በቃል የተተረጎመ እንደሆነ የመጀመሪያው ሰው የልብ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ሁለተኛው፣ ምናልባትም የልብ ሕመም የያዘው፣ የጉንፋን ክኒን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። «ምች» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ጨርሶ አቻ የለውም። አስተርጓሚው ቃሉን በራሱ ግምት ከመለወጥ ይልቅ ለሐኪሙ እንዳለ አቅርቦ ትርጉሙን ሕመምተኛው ራሱ እንዲያብራራ ቢያደርግ ይሻላል።

ከዚህም ሌላ የአክብሮት ጉዳይ አለ። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለባልቴቷም አንድ «ዩ» ብቻ አለው። አንተ፣ አንቺና እርስዎ የሚለውን የሚመርጠው ሐኪሙ ሳይሆን አስተርጓሚው ነው። የሰባ ዓመት ባልቴት በሠላሳ ዓመት ሰው አፍ «አንቺ» ተብላ ስትጠየቅ ስለ ሽንቷና ስለ ማሕፀኗ የሚነገረውን ሁሉ ዘግታ ትቀመጣለች፤ ሐኪሙም የተዘጋበትን ምክንያት ከቶ ሊያውቅ አይችልም።

ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሕፃን ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከፋል። በየስደት ከተማው የሚታየው ይህ ነው፦ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ እናቷን ትከተላለች። ሐኪሙ ስለ እናቲቱ የወር አበባ፣ ስለ ውርጃ፣ በቤት ውስጥ የሚመታት ሰው ስለ መኖሩ ይጠይቃል። ልጅቱ ግማሹን አታውቀውም፤ ግማሹን ታፍርበታለች። እናቲቱም ለልጅዋ ሊነገር የማይገባውን ለሐኪሙም ሳትነግር ትመለሳለች። የሐኪሙ መልስ ካንሰር የሆነ እንደሆነ ደግሞ ያን ቃል በመጀመሪያ የምትሰማውና ለእናቷ ማርዳት ያለባት ያችው ልጅ ናት። በአገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰዓቱ ተጠብቆ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለ መርዶ ሲነሣ የውብዳር በየነ የተባሉት የአንትሮፖሎጂ ምሁር በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ ሊጠቀስ ይገባል። ጸሐፊዋ እንዳስረዱት የአሜሪካ ሐኪም ክፉ ዜናን በቀጥታ ለሕመምተኛው መንገርን እንደ ግዴታ ሲቆጥር፣ ኢትዮጵያዊው ስደተኛ ደግሞ ዜናው አስቀድሞ ለቤተሰብ ተነግሮ በቤተሰብ በኩል እንዲደርሰው ይጠብቃል። ይህ ልዩነት በመብት ስም በአንድ ወገን ብቻ ሊፈረድ አይገባም። ማወቅ የሕመምተኛው መብት ነው፤ በማን አፍና በምን ሁኔታ ማወቅ እንደሚፈልግ መምረጥም የእርሱው መብት ነው። ስለዚህ የምርመራው ውጤት ከመምጣቱ በፊት «ውጤቱ ሲመጣ በቅድሚያ ለማን እንዲነገር ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ጥያቄ ሊያቀርብ የሚችለው ግን ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ አስተርጓሚ የቆመበት ሐኪም ብቻ ነው። አስተርጓሚው የሕመምተኛዋ ባል ወይም ልጅ ከሆነ ምርጫው ሳይጠየቅ ተወስኗል ማለት ነው።

ፈቃድ የሚባለው ነገር ያለ ቋንቋ ባዶ ወረቀት ለመሆኑ የሎስ አንጀለስ ሴቶች ታሪክ ምስክር ነው። በ1975 ከሜክሲኮ የዘር ሐረግ የሆኑ አሥር ሴቶች በወሊድ ጊዜ በማይገባቸው የእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ እየፈረሙ እንዳይወልዱ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተፈጸመብን ሲሉ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1978 ዳኛው ለሐኪሞቹ ፈረዱ፤ ነገሩን የመግባባት ጉድለት ነው ብለው አለፉት። የመግባባት ጉድለት! ጥፋቱ ራሱ እንደ ማስተባበያ ተቆጠረ። ሴቶቹ በፍርድ ቤት ቢረቱም ጩኸታቸው ከንቱ አልቀረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ደንብ ለእንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና የ30 ቀን መጠበቂያ ጊዜ ደነገገ፤ የፈቃዱን ቋንቋ ለማትረዳ ሴትም አስተርጓሚ እንዲቀርብላት አስገደደ።

በአሜሪካ የመብቱ ሥር የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ክፍል 6 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማናቸውም ድርጅት በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ልዩነት ሊያደርግ አይችልም። ሆስፒታሎች ደግሞ በሜዲኬርና በሜዲኬይድ በኩል ይህን ገንዘብ ይቀበላሉ። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ ቋንቋ ለማይረዳ ሰው ምንም እርዳታ ሳይሰጡ ከሌላው ጋር እኩል አስተናግጃለሁ ማለት እንደማያዋጣ ታወቀ። በ2000 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቁጥር 13166 ይህንኑ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ አብራራ። በ2010 የወጣው ትልቁ የጤና ሕግ በአንቀጽ 1557 አድልዎን በሕክምና ዘርፍ ለይቶ ከለከለ፤ በ2016 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንቡም ሕመምተኛው አስተርጓሚ ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ ማስገደድን፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን ማስተርጎምን አገደ።

በመጋቢት 2025 ትእዛዝ ቁጥር 13166 ተሻረ፤ እንግሊዝኛም በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የአገሪቱ ይፋ ቋንቋ ተባለ። ዜናው በተሰማ ጊዜ ከስደተኛው ወገን ብዙዎች የአስተርጓሚ መብት የቀረ መሰላቸው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የ1964ቱና የ2010ሩ ሕጎች በምክር ቤት የወጡ ሕጎች ስለሆኑ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻሩም፤ ሆስፒታሎች ያለባቸው ግዴታ አልተነሣም። የተለወጠው የመንግሥቱ ፊት ነው፤ ፊት ሲለወጥ ደግሞ ሕግ ሳይለወጥ አገልግሎት ሊቀንስ ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ ለከተማው መሥሪያ ቤቶች ከደነገጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ይህ የሆነው የአገሩ ልጆች በቁጥር መብዛታቸውን በሚገባ ስላሳወቁ ነው።

ሌሎች አገሮችም የየራሳቸውን መንገድ ሄደዋል። አውስትራሊያ በ1973 በስልክ የሚያስተረጉም የመንግሥት አገልግሎት ስትከፍት በዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። ዴንማርክ ደግሞ በ2018 በአገሩ ከሦስት ዓመት በላይ የኖረ ሕመምተኛ የአስተርጓሚውን ዋጋ ራሱ እንዲከፍል ደነገገች፤ ይህም ሰውን ቋንቋ እንዲማር ያተጋል ተብሎ ነው። የሰባ ዓመት ሰው በራስ ምታት ጊዜ ሰዋስው አይማርም። በእስራኤል በጥር 1996 ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር በጋዜጣ በወጣ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሕዝብ ሐኪምን ለማመን ቋንቋ ብቻ አይበቃውም፤ ያለ ቋንቋ ግን እምነቱ ከየት ይጀመራል? በ1998 የተቋቋመው ጠነ ብሪኡት የተባለው ድርጅት ለቤተ እስራኤላውያን የጤና ትምህርትና በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ የሕክምና አስተርጓሚ አቀረበ። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴሩ የጤና ተቋማት በሙሉ ለቋንቋና ለባህል እንዲዘጋጁ መመሪያ አወጣ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩት የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ለብቻው አንድ ጉባኤ ይፈልጋል። ለዚህ ንግግር የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ሠራተኛዋን ወደ ክሊኒክ የምትወስዳት አሠሪዋ፣ ስለ ሕመሟ የምትናገርላትም አሠሪዋ በምትሆንበት ቦታ፣ ሕመሙ የመጣው ከሥራው ብዛት ወይም ከድብደባ ቢሆን ማን ይናገራል? አስተርጓሚ ከጉዳዩ ጥቅም የሌለው ሰው መሆን አለበት የሚለው ደንብ እንደዚህ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ሌላ ስፍራ የለም። ባል፣ ልጅና አክስትም በመጠኑ ቢሆን በጉዳዩ ጥቅም አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም አለበት። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አስተርጓሚው ራሱ የታወቀ ሰው ነው፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ፤ ምስጢሩስ? ይህ ፍርሃት ከብዙ ሰው የሚሰማ ነው። አስተርጓሚ በሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት መንገር ብቻውን ፍርሃቱን አያስወግድም። ሕመምተኛው አስተርጓሚውን ያለመቀበል፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚናገር ሰው የመጠየቅ ነፃነት እንዳለው ማወቅ አለበት። ከዚህም ጋር «ኢትዮጵያዊ» ተብሎ የተመዘገበ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ እንዳልሆነ ለሆስፒታሉ ማስታወስ ይገባል። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ አፉን የፈታበት ሰው የአማርኛ አስተርጓሚ ተጠርቶለት በሦስተኛ ቋንቋው ሲታከም ይገኛል፤ በትሕትናም «እሺ» ይላል።

የስልክ ነገር ሲነሣ መሐንዲሱ በሙያው የሚናገረው አለው። የቆየው የስልክ መሥመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው፤ «ሰ»ና «ፈ» የሚለዩበት ብዙው ኃይል ከዚያ በላይ ነው። በጫጫታ በተሞላ የድንገተኛ ክፍል፣ በአልጋው ራስጌ በተቀመጠ ርካሽ የድምፅ ማጉያ፣ «ፊፍቲን»ና «ፊፍቲ» አንድ ናቸው፤ አንዱ 15 ሌላው 50 መሆኑ ግን ለልብ መድኃኒት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። ለሐኪሙና ለሕመምተኛው ለየራሳቸው አንድ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ስልክ ወይም ደኅና የቪዲዮ መሥመር መግዛት፣ ቁጥርንም አኃዝ በአኃዝ እየለዩ መናገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሆስፒታሎች የኦክስጂን ቧንቧቸውን በየጊዜው ይፈትሻሉ፤ የአስተርጓሚው ስልክ በየትኛው መሳቢያ እንደተቀመጠ የማያውቁ የሕክምና ክፍሎች ግን አይጠፉም።

አሁን ደግሞ ማሽን ይተርጉመው የሚል አሳብ በርትቷል። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት የድንገተኛ ክፍል የመውጫ መመሪያዎችን በታወቀ የኮምፒውተር መተርጎሚያ አስተርጉሞ ሲመዝን ትክክለኛነቱ በስፓንኛ ከመቶ 94፣ በፋርስኛ 67 ተኩል፣ በአርመንኛ 55 ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ የተማረው ከጽሑፍ ነውና ጽሑፉ ያነሰበት ቋንቋ ስሕተቱ ይበዛል፤ አማርኛም በኮምፒውተር ጽሑፉ ከደኸዩት ቋንቋዎች ወገን ነው። ከዚያ ጥናት ወዲህ ማሽኖቹ መሻሻላቸው አይካድም። ነገር ግን ማሽን ሲሳሳትም ዓረፍተ ነገሩ ያማረ ነው፤ የድምፅ አልባው ብልሽት ነገር እንደገና ይመጣል። በ2024 የወጣው የአንቀጽ 1557 ደንብ ለሕመምተኛው መብት ወይም ሕክምና ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በማሽን ሲተረጎም ብቃት ያለው ሰው እንዲያየው ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ በስልክ የሚጠራው የማኅበሩ አባል ምን ያድርግ? አልመጣም ማለት ከባህልም ከሰብአዊነትም ውጪ ነው። ይሂድ፤ ግን ከመካከለኛው ወንበር ተነሥቶ በሕመምተኛው አጠገብ ይቀመጥ። ዘመድ ሥራው ሰፊ ነው፦ ካፖርት መያዝ፣ እጅ መያዝ፣ የቀድሞ መድኃኒቶችን በከረጢት ይዞ መምጣት፣ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተጽፎ ሁለት መዝገብ እንዳይከፈት መከታተል፣ አስተርጓሚው ያለፈው ነገር ካለ ማሳሰብ። በሲያትል በሃርበርቪው የሕክምና ማዕከል ከ1994 ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከካምቦዲያ የመጡ ቤተሰቦችን ከሐኪሞች ጋር ማስማማት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ታይቷል። አስተርጓሚነትና ዘመድነት ሁለት ሥራ መሆናቸው የሚታወቀው እንዲህ ለየብቻ ሲሠሩ ነው።

አባሉ ወደ ሆስፒታሉ ከመነሣቱ በፊት በስልኩ ላይ መናገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ነርሷ የአማርኛ የሕክምና አስተርጓሚ እንድትጠራ፣ የተጠራበትም ሰዓት በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። «ልጃቸው ትናገርላቸዋለች» የሚል መልስ የመጣ እንደሆነ ጥያቄው ይደገም። አገልግሎቱ ለሕመምተኛው ያለ ክፍያ ነው። የተከለከለ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የጤናና የሰብአዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ2001 የወጣው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በክፍል 6 መሠረት ሆን ተብሎ ስላልተደረገ አድልዎ ግለሰብ በቀጥታ መክሰስ እንዳይችል ስላደረገ፣ ይህ የአቤቱታ በር ከቀድሞው የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። በማጀት ውስጥ የተቀመጡ እናት ያን ደብዳቤ ሊጽፉት አይችሉም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጠየቀውንና የተመለሰውን በቅደም ተከተል አስቀምጦ በጥሩ እንግሊዝኛ መጻፍ ለአንድ መሐንዲስ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።